ቁጥሩ ስንት ነበር? ስለ ወፎች ቀለበትና ስለ ሄልጎላንድ ደሴት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ወፍ ነው። «ሰው ስንት ጉዳይ እያለበት ይኼ ደግሞ ወፍ ይቆጥራል» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ የገዛ ባለቤቴም ብላኛለች። ቢሆንም እናንተን ወይም አገር ቤት ያለ ዘመዳችሁን አንድ ቀን ሊያጋጥም የሚችል ጉዳይ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ብትከተሉኝ ደስ ይለኛል። ዓመተ ምሕረቶቹን፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ የማስቀምጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «ጸደይ» ስልም የፈረንጆቹን ጸደይ፣ መጋቢትንና ሚያዝያን ማለቴ ነው፤ የኛ ጸደይ መቼ እንደሆነ ሁለት አበሻ ተቀምጦ ሲስማማ ስላላየሁ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ለእኔ ነገሩ የሚጀምረው ከዝዋይ ነው። በኛው አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከሐይቁ ዳር ሸምበቆ ውስጥ አንዲት ሽመላ ሞታ አገኘን። ነጭ ናት፤ የክንፏ ጫፍ ጥቁር፣ ምንቃሯና እግሯ ቀይ። ዓሣ አራጆቹን ከበው እንደ ሽማግሌ ጎብጠው ከሚውሉት አባ ኮዳዎች ጋር ሲያስተያዩዋት ሙሽራ ትመስላለች። አንደኛው እግሯ ላይ የብረት ቀለበት ነበረ፤ ላዩ ላይ ፊደልና ቁጥር ተቀርጾበታል። በድንጋይ ቀጥቅጠን አወጣነው። ዕጣ ብንጣጣል ለእኔ ደረሰኝ።

አባቴ ማታ ኩራዙ አጠገብ ይዞ አገላብጦ አየው። የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን አይቶሃል?» የሚል ነበር። ጊዜው ምን ዓይነት ጊዜ እንደነበር ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት እንኳ ሰው በሚያስጠይቅበት ወራት፣ ቁጥር የተቀረጸበት ብረት ከልጁ ኪስ ቢገኝ ምን ሊባል ነው? አባቴ በዚያው ሌሊት ወጥቶ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለው። በማግሥቱ ሽመላዋን ቀበርናት። ስለ ቀለበቱ በቤታችን ዳግመኛ አልተነሣም።

አሁን ሃምቡርግ ከገባሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ከእኔ በታች ካለው ፎቅ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር አሉ፤ መጋቢት በመጣ ቁጥር ቦት ጫማቸውንና ወፍራም ሹራባቸውን ሸክፈው ለሦስት ሳምንት ይጠፋሉ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ተገናኝተን ወዴት እንደሆነ ብጠይቃቸው «ሄልጎላንድ፤ ለወፎች ቀለበት ላጠልቅ» አሉኝ። የዝዋይዋ ሽመላ ትዝ አለችኝና ታሪኩን አጫወትኳቸው። የሚስቁ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ኮስተር ብለው «ቁጥሩ ስንት ነበር?» አሉኝ።

እንዴት አድርጌ ላስታውስ! አላስታውስም ስላቸው ከልባቸው አዘኑ። «ያቺን ሽመላ አንድ ሰው መሰላል ይዞ ጎጆዋ ድረስ ወጥቶ ነው ቀለበት ያጠለቀላት። መዝገቡ ላይ ከቁጥሯ ፊት ለፊት ያለው ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው» አሉኝ። እኔ ያንን ቀለበት አርባ ዓመት ሙሉ ሳስብ የኖርኩት የአባቴ ፍርሃት ምልክት አድርጌ ነው እንጂ፣ መልስ የሚጠብቅ ደብዳቤ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። በቀጣዩ ጸደይ ተከትያቸው ሄድኩ፤ እስካሁን ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ።

ሄልጎላንድ ከጀርመን ጠረፍ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሰሜን ባሕር መካከል የቆመች ቀይ ገደል ናት። ዋናዋ ደሴት ስፋቷ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ነዋሪዎቿም 1300 ያህል ናቸው። ከጎኗ ደግሞ ዝቅ ያለች የአሸዋ ደሴት አለች። የግል መኪና የለም፤ ብስክሌት መንዳት እንኳ ክልክል ነው። ከኩክስሃፈን ወደብ መርከቡ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። በመጋቢት ማዕበል ለሚሳፈር ሰው ምክሬ ቁርስ አለመብላት ነው።

ታሪኳም ከአፍሪካ ጋር የተነካካ ነው። ከ1807 ጀምሮ በእንግሊዝ እጅ ነበረች። በ1890 ጀርመን በዛንዚባርና በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ላይ የነበራትን ይገባኛል ባይነት ስትተው፣ እንግሊዝ ይህችን ገደል አስረከበቻት። የዛንዚባርን ሰው የጠየቀ የለም፤ የሄልጎላንድንም ሰው የጠየቀ የለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ነዋሪዎቿ በሙሉ ተነሥተው ወደ የብስ ተወሰዱ። እንግሊዞችም በኤፕሪል 18 ቀን 1947 የጦር ምሽጎቿን ለማውደም 6700 ቶን የሚያህል ፈንጂ በአንድ ጊዜ አነደዱባት። የደቡቡ ጫፍ ተናደ፤ ደሴቲቱ ግን ቆመች። በማርች 1 ቀን 1952 ለጀርመን ስትመለስ፣ ሰባት ዓመት በሰው አገር የከረሙት ሰዎች ወደ ፍርስራሻቸው ገቡ።

ወፎቹ ለምን እዚህ እንደሚያርፉ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ትናንሽ ወፎች የሚጓዙት በሌሊት ነው። ባሕር ላይ እያሉ ዝናብ ወይም ጭጋግ ሲይዛቸው፣ ወይም ነግቶባቸው ጉልበታቸው ሲያልቅ፣ በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ የሚታያቸው የብስ ሄልጎላንድ ብቻ ናት። ማታ ባዶ የነበረው ሣር ጠዋት በወፍ ተሞልቶ ይገኛል። እስካሁን እዚያች ደሴት ላይ የተመዘገቡት የወፍ ዝርያዎች ከ400 በላይ ናቸው፤ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም በማትበልጥ መሬት ላይ!

ይህን መጀመሪያ በቅጡ የመዘገበው ሃይንሪሽ ጌትከ የሚባል ሠዓሊ ነው። በ1837 ወጣት ሆኖ ባሕር ሊሥል መጣና፣ ከጥቂት ጊዜ በስተቀር፣ እስከሚሞትበት እስከ 1897 ድረስ እዚያው ቀረ። ለእንግሊዝ አስተዳደር በጸሐፊነት እየሠራ ወፎችን ሲመዘግብ ኖሮ በ1891 ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ዐይኑ የሚደነቅ ነበር። ግምቱ ግን ሁልጊዜ አልሰመረለትም። ጉሮሮዋ ሰማያዊ የሆነች አንዲት ትንሽ ወፍ በጸደይ ሄልጎላንድ ላይ ትታያለች፤ በመካከሉ ባሉት አገሮች ግን ብዙም አትታይም። ስለዚህ ከሰሜን አፍሪካ ተነሥታ በአንድ ሌሊት ሄልጎላንድ ትደርሳለች ብሎ ደመደመ። ይህ የዛሬ አውሮፕላን እንጂ የወፍ ፍጥነት አይደለም። ጌትከ ሰነፍ ስለነበረ አይደለም የተሳሳተው። ዛሬ ያየውን ወፍ ትናንት ሌላ ቦታ ከታየው ወፍ የሚለይበት ምልክት ስላልነበረው ነው።

ከእሱ በፊት የነበሩትማ ከዚህም የባሰ ገምተዋል። አርስጣጣሊስ ጅራተ ቀይዋ ወፍ በሞቃቱ ወራት፣ ደረተ ቀይዋ በብርዱ ወራት እንደምትታይ ተመልክቶ፣ አንደኛዋ ወደ ሌላዋ ትለወጣለች ብሎ ጻፈ። ጅራታቸው እንደ መቀስ የተሰነጠቀው ጨረባዎችም ብርዱን ሐይቅ ጭቃ ውስጥ ተኝተው ያሳልፋሉ የሚለው እምነት አውሮፓ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይቷል። እዚህ ላይ ፈረንጆቹን ከመሳቃችን በፊት ግን የኛን የመስቀል ወፍ እናስብ። ጠፍቶ የከረመን ሰው «ምነው የመስቀል ወፍ ሆንክ» እንላለን፤ በዓመት አንዴ ከሩቅ መጥታ የምትሄድ መሆኗ ነው። ነገር ግን በብዙ ቦታ ይህን ስም የሚሸከሙት ወፎች የትም አይሄዱም። ወንዶቹ ዝናቡ ሲመጣ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ይለብሳሉ፤ የቀረውን ዓመት ቡናማ ሆነው፣ ድንቢጥ መስለው፣ እዚያው ማሳችን ውስጥ ይከርማሉ። አርስጣጣሊስ የተጓዘችውን ተለወጠች አለ፤ እኛ የተለወጠችውን ተጓዘች አልን።

ለጉዞው የመጀመሪያው ተጨባጭ ማስረጃ የመጣው በጦር ነው። በ1822 በሰሜን ጀርመን ክሉትስ በምትባል ቦታ አጠገብ አንዲት ሽመላ ተመታች፤ አንገቷን አንድ የአፍሪካ ጦር ዘልቆባት ነበር። ከነጦሩ በራ አውሮፓ ደርሳለች ማለት ነው! ደርቃ እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ትታያለች። ቀለበቱ ደግሞ የአንድ መምህር ሐሳብ ነው። ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባለ ዴንማርካዊ በ1899 ቪቦርግ ከተማ ውስጥ 165 ወፎችን ይዞ የከተማው ስምና ቁጥር ያለበት ቀላል የአሉሚኒየም ቀለበት አጠለቀላቸው። ያገኘ ሰው ይጻፍልኝ ነው ነገሩ። በ1903 ዮሐንስ ቲነማን በባልቲክ ባሕር ዳር በነበረው ጣቢያ ሥራውን ጀመረ፤ ጥቂት ዓመታትም ሳይቆዩ ቀለበት የተጠለቀላቸው ሽመላዎች እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተገኙ። በ1910 ሁጎ ቫይጎልድ የሄልጎላንድን ጣቢያ መሠረተ።

ቫይጎልድ መያዣውን ከየት እንዳመጣው ልንገራችሁ። የደሴቲቱ ሰዎች ወፍን የሚያውቁት እንደ ጌትከ በብዕር ሳይሆን በድስት ነበር። ዛፍ በሌለበት ገደል ላይ ቁጥቋጦ ይተክላሉ፤ የደከመው ወፍ መጠለያ አገኘሁ ብሎ ሲገባ ከበስተኋላ በተዘረጋው መረብ ይይዙታል፤ ማታ ሾርባ ይሆናል። ቫይጎልድ ያንኑ ዘዴ አሻሽሎ የሚይዝ ግን የማይገድል ወጥመድ አደረገው። በብዙ አገሮች ያሉ ባለሙያዎች ዛሬም «የሄልጎላንድ ወጥመድ» ይሉታል።

ወጥመዱ በሽቦ መረብ የተሸፈነ፣ በአንድ ወገን ሰፊ፣ ወደ ውስጥ ሲሄዱ እየጠበበ የሚመጣ ጡሩንባ መሰል ነገር ነው። መሬቱ ላይ ቁጥቋጦ ተተክሎበታል። መጨረሻው ላይ መስታወት ያለው ሳጥን አለ፤ ወፏ ብርሃን አየሁ ብላ ወደዚያ ትበራለች፤ መዝጊያው ከኋላዋ ይወርዳል። የእኔ ሥራ መንዳት ነበር። ቀለበት ለማጥለቅ ሥልጠናና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከቁጥቋጦው ኋላ ቀስ ብሎ እየተራመዱ፣ ቅርንጫፉን እየነካኩ፣ በእርጋታ ማጨብጨብ ግን ለእኔም ተፈቅዶልኛል። በልጅነቴ አያቴ ዘንድ ማሽላ ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥቼ ወንጭፍ ይዤ ወፍ ጠብቄያለሁ። ስለዚህ ሙያው አለኝ፤ አቅጣጫው ብቻ ነው የተገለበጠው። በመጀመሪያው ቀን ልማድ ሆኖብኝ «ሃይ!» ብዬ ጮኼ ሰዎቹን አስደንግጫለሁ።

የተያዙት ወፎች በጨርቅ ከረጢት ሆነው ወደ ክፍሉ ይወሰዳሉ። ጎረቤቴ ወፏን በግራ እጃቸው ይይዟታል፤ ጀርባዋ መዳፋቸው ላይ ያርፋል፤ አንገቷ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት መካከል ይገባል። አይጨመቅም፤ አይላላም። በቀኝ እጃቸው ቀለበቱን በልዩ ፒንሳ እግሯ ላይ ያጥፉና በደንብ መዞሩን ያያሉ። ክብደቱ ከወፏ ክብደት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከዚያ የክንፏ ርዝመት በማስመሪያ ይለካል። ቀጥሎ የሆዷን ላባ እፍ ይሉታል፤ ላባው ሲከፈት ቆዳው ሥር ያለው ስብ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ምን ያህል ስንቅ ይዛለች? ለዚህ ከዜሮ የሚጀምር የደረጃ ቁጥር አላቸው። በመጨረሻ ሚዛን ላይ ትቀመጣለች፤ ተመዝግቦ በመስኮት ትለቀቃለች። ሁሉም ነገር ከአንድ ሁለት ደቂቃ አይበልጥም። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሌሊቱን ከደቡብ ምሥራቅ ሲነፍስ አድሮ ንጋት ላይ ካፊያ ሲጀምር፣ ከረጢቱን የምናንጠለጥልበት ቦታ እስክናጣ ድረስ ወፍ ወረደ። አምስት ወይም ስድስት ግራም የምትመዝን፣ አናቷ ላይ የወርቅ መስመር ያላት ወፍ በእጃቸው ሆና አየኋት። የሁለት ስኳር ኩብ ክብደት እንኳ የሌላት ፍጡር ሰሜን ባሕርን ልትሻገር ነው።

አሁን ስሕተቴን ልናዘዝ። የመጀመሪያውን ዓመት የሄድኩት ከአገሬ የመጡ ወፎችን ልቀበል ብዬ ነበር። አፌን ሞልቼ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። በመጋቢት የሚያዘው ግን ሌላ ነው። ደረቷ ነጠብጣብ የሆነው ዘማሪዋ ዚንግድሮሰል፣ ጥቁሩ አምዘል፣ ደረተ ቀይዋ ሮትኬልሽን፣ ስሟን እየደጋገመች የምትዘምረው ዚልፕዛልፕ። እነዚህ ብርዱን ያሳለፉት ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ እንግሊዝ ወይም ሜዲትራኒያን ዳር ነው፤ ቢርቁ ሰሜን አፍሪካ ነው። ቀድመው የሚመጡት ቅርብ ስለከረሙ ነው። ፈረንሳይ ላይ አየሩ ሲሞቅ እዚህም እንደሚሞቅ ማወቅ ይችላሉ፤ ከተሳሳቱም መንገዱ አጭር ነው። ከሰሃራ ማዶ ያለው ወፍ ግን የጀርመንን አየር በምን ያውቃል? የሚነሣው በውስጡ ባለው የቀን መቁጠሪያና በቀኑ ርዝመት ነው። ስለዚህ ዘግይቶ ይመጣል።

ይህ ልዩነት ለወፎቹ ቀላል ነገር አይደለም። በሄልጎላንድ በየቀኑ፣ በአንድ ዓይነት ወጥመድ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ስለሚያዝ ዓመቱን ከዓመቱ ማነጻጸር ይቻላል። ከ1960 እስከ 2000 ያለውን መዝገብ የመረመረና በ2003 የታተመ ጥናት፣ ከተመለከታቸው ሁለት ደርዘን ያህል ዝርያዎች አብዛኞቹ በጸደይ የሚያልፉበት ጊዜ ወደ ፊት መምጣቱን አሳየ፤ አንዳንዱ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዱ ዐሥር ቀን ገደማ። ትል የሚፈለፈልበት ጊዜ ሲቀድም ቅርብ የከረመው ተከትሎ ይቀድማል። ሩቅ የከረመው ግን ሲደርስ ማዕዱ ተነሥቶ ሊጠብቀው ይችላል።

ከሩቆቹ መጀመሪያ የሚደርሰው በመጋቢት መጨረሻ የሚታየው ሽታይንሽሜትሰር ነው። ጀርባው አመድማ፣ ዐይኑ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ የሚመስል፣ ሲበር ወገቡ ነጭ የሚያበራ፣ ሃያ አምስት ግራም ገደማ የሚመዝን ወፍ። «ይኼስ የኛ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ጎረቤቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በዚህ የሚያልፉት ምዕራብ አፍሪካ ነው የሚከርሙት። ከሄልጎላንድ ሳይሆን ከአላስካ የሚነሡት ናቸው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚመጡት። በ2012 የታተመ ጥናት ትንሽ መሣሪያ ተሸክመው የተመለሱትን አላስካውያን መርምሮ፣ እስያን አቋርጠው 14,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ሱዳን፣ ኡጋንዳና ኬንያ አካባቢ እንደከረሙ አረጋገጠ። አሜሪካ ያላችሁ አንባብያን ይህን ሰምታችሁ ስለ አውሮፕላን ጉዞ ርዝመት ማማረር ትተዋላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የሄልጎላንዶቹም ቢሆኑ ቀላል መንገድ የላቸውም። አንዳንዶቹ ገና አይስላንድና ግሪንላንድ ይቀራቸዋል። ተመራማሪዎች ትል የተቀመጠበት ሚዛን መሬት ላይ ያኖራሉ፤ ወፉ ሊበላ ሲወጣ ሳይያዝ ይመዘናል። በራዲዮ የተከታተሏቸው ደግሞ የሚገርም ነገር አሳይተዋል። የሰባው ወፍ ነፋሱ ሲመቸው በሌሊት ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ክፍት ባሕር ይገባል። ያልሰባው ግን ወደ ቅርቡ የብስ ፊቱን ያዞራል። ስንቁን ሳይዝ አይደፍርም።

ታዲያ የኛዎቹ የታሉ? እነሱ የሚመጡት በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት ነው። ጎረቤቴ ክላፐርግራስሙከ የሚሏት፣ አመድማ ራስ፣ ነጭ ጉሮሮ ያላት፣ ዐሥራ ሁለት ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ አለች። ብዙዎቹ የአውሮፓ ወፎች ወደ ስፔን ሲወርዱ እሷ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞራ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ቻድ ትከርማለች። ኖይንተተር የሚባለው ጀርባው ቀይ ቡናማ ወፍ ደግሞ የሚከርመው በደቡብ አፍሪካ በኩል ነው። ሲመለስ ግን በምሥራቅ በኩል መጥቶ በአፍሪካ ቀንድ አርፎ፣ ተመግቦ፣ ዐረቢያን ያቋርጣል። ሪያድ ወይም ዱባይ ያላችሁ በሚያዝያ ወር አጥር ላይ ልታዩት ትችላላችሁ።

በ2011 ይህ ወፍ ሰሜን አውሮፓ ዘግይቶ ደረሰ። ለምን? ዴንማርክ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ግራም ገደማ የሚመዝን የብርሃን መመዝገቢያ አሸክመውት ስለነበር መልሱ ተገኘ፤ በ2012 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። በዚያ ዓመት የአፍሪካ ቀንድ ድርቅ ላይ ነበር። ወፎቹ እዚያ እንደ ወትሮው አርፈው ሊሰቡ አልቻሉም፤ ስንቃቸው እስኪሞላ ከወትሮው ይልቅ ቆዩ፤ መዘግየቱም እስከ ስካንዲኔቪያ ድረስ ተከተላቸው። እኛ በዚያው ዓመት ሃምቡርግ ውስጥ ለድርቁ ተጎጂዎች እርዳታ ስናሰባስብ ትዝ ይለኛል። በዚያው ሰሞን አንድ ወፍ የሚጠብቅ ዴንማርካዊ ቁጥቋጦ ሥር ቆሞ «ዘንድሮ ምን ነካቸው?» እያለ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ግን ወፎቹ ላይ የተደረገውን ምልክት ያነበበ ሰው ስለተገኘ ነው። ከትናንሽ ወፎች ቀለበት ከተጠለቀላቸው መቶ ውስጥ አንዱ እንኳ ሌላ አገር ተገኝቶ ወሬው አይመለስም። ከአፍሪካ የሚመለሰው ወሬ በተለይ ጥቂት ነው፤ ወፉ ስለማይገኝ ሳይሆን ያገኘው ሰው ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ወይም ስለሚፈራ ነው። የአባቴ ፍርሃት የድሮ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። በ2013 ግብፅ ውስጥ ሜኔስ የተባለ ሽመላ ጀርባው ላይ መከታተያ በመያዙ በሰላይነት ተጠርጥሮ ተይዞ ነበር። ነገሩ ሲጣራ ተለቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሞቶ ተገኘ።

ስለዚህ እናንተ ወይም አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችሁ ቀለበት ያለው ወፍ ካጋጠማችሁ የሚደረገው ይህ ነው። ወፉ በሕይወት ካለ ቀለበቱ አይወልቅም፤ ቁጥሩ ተነቦ፣ ከተቻለ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ፣ ይለቀቃል። ሞቶ ከሆነም ቀለበቱን አለመጣል ነው። ፊደሉም ቁጥሩም አንድ ሳይቀር ይጻፋል፤ የተገኘበት ቀን፣ ቦታና ሁኔታ ይታከልበታል። ቀለበቱ ላይ የጣቢያው ስም አለ። ጀርመን ውስጥ ያሉት ማዕከላት ሦስት ናቸው፤ ሄልጎላንድ፣ ራዶልፍሴልና ሂደንሴ። የሌላ አገርም ቢሆን ዩሪንግ የተባለው የአውሮፓ ማዕከላት ኅብረት በኢንተርኔት ገጹ በኩል ወደሚመለከተው ማዕከል መንገዱን ያሳያል። ክፍያ የለውም፤ ማንም ማንንም አይከስም። ከጊዜ በኋላም ወፉ የት፣ መቼ፣ በስንት ዓመቱ ቀለበት እንደተጠለቀለት የሚገልጽ መልስ ይመጣል።

ሦስተኛውን ጊዜ የሄድኩት በሚያዝያ መጨረሻ ነው። አራት ቀን ዝናብ ነበር። በአምስተኛው ጠዋት ከነዳኋቸው ወፎች አንደኛዋ አመድማ ራስ፣ ነጭ ጉሮሮ ሆና ተገኘች። ጎረቤቴ ምንም ሳይሉ ከረጢቱን አሳዩኝ። ሆዷን እፍ ሲሉት ስብ የሚባል ነገር የለም፤ ስንቋን ጨርሳ ነው የገባችው። ከሱዳን ትምጣ፣ ከአዋሽ ዳር ትምጣ፣ ከቻድ ትምጣ፣ ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ቀለበት አልነበራትም። አሁን ተጠለቀላት። ከሚዛን ስትወርድ «እጅህን ዘርጋ» አሉኝ። መዳፌ ላይ አስቀመጧት፤ ልቧ ሲመታ ይሰማኛል፤ ለአፍታ ቆየችና ወደ ቁጥቋጦው ገባች።

ጎረቤቴ መዝገቡ ላይ ጽፈው ሲጨርሱ እስክሪብቷቸውን ተዋስኩና ቁጥሩን ማስታወሻዬ ላይ ገለበጥኩት። ዝዋይ ለሚኖረው ለታናሽ ወንድሜ በዚያው ማታ ስልክ ደውዬ አስጻፍኩት። «ምን ላድርገው?» አለኝ። «ያዘው» አልኩት።